በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሎሚ

አውቶቡሱ ውስጥ ከአንዲት ልብስ ሰፊ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የሎሚ ችግኝ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ኮታቸው በወጉ ተተኩሷል፤ ጥፍራቸው ውስጥ ግን አፈር አለ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ከራሳቸው በፊት ችግኙን ይደግፋሉ።

“ስነቅለው ዶማው ሥሩን ተለተለው፤ የተጎዳው ካልተቆረጠ ይበሰብሳል” አሏት፣ ጭኗ ላይ ያለውን የስፌት ቦርሳ እያዩ። “መቀስ አይጠፋሽም፣ ልጄ?”

ከጨርቅ በቀር ምንም አስነክታው የማታውቀውን መቀስ አወጣች። እሳቸው ችግኙን በሁለት እጃቸው ስለያዙ የተተለተለውን ሥር ራሷ ቆረጠችላቸው። ቀጥለው ቅርንጫፉንም አሳዩዋት።

“ይሄ እኮ ደህና ነው፣ አባባ።”

“ቢሆንም ይቀነስ። የቀረው ሥር ይሄን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም።”

“አዲስ ገዝተው ቢተክሉ አይሻልም?”

“ባለቤቴ ከፍሬው ያበቀለችው ነው። ቤቱን ለቀቅኩ፤ እሱን ለማን ልተወው?”

ይህን ያሉት ፈገግ ብለው ነበር። ፌርማታው ላይ እጇ ጭቃ የነካው ሴት ልጃቸው ጠበቀቻቸው።

“ጥላ ያለው ቦታ ቆፍሬልሃለሁ” ስትል ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ሰማች። “ዕቃህስ፣ አባዬ?”

“ይሄው” አሉና ችግኙን አቀበሏት።

ልጅቷ ሳቀች፤ በሁለት እጇም ተቀበለችው።