አማቷ የነፉት ዱቄት

ወፍጮ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ነው ያገኘኋት። ከፊቴ ቆማ ነበር፤ የያዘችውን ፌስታል ፈትታ ለባለ ወፍጮው አሳየችው። አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«የኒም ፍሬ ነው አይደል? ይሄን ፈጭቼ የሰፈሩን ዱቄት ሁሉ መራራ ላድርገው? እባክሽ እህቴ፣ ከደንበኛ አታጣይኝ።»

«እንቢ እንደምትለኝ አውቄዋለሁ። ክንዴ ቢዝልብኝ ነው የመጣሁት» አለችና አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ወሬ እወዳለሁና ፍሬው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

የምታርሰው ቦሎቄ ነው፤ ዘሩንም የምታስቀምጠው ራሷ ናት። አምና ነቀዝ ገብቶ ግማሹን ወንፊት አደረገው። ዘንድሮ ያላት አንድ ኬሻ ብቻ ነው፤ እሱ ከተበላ የምትዘራው የለም። አንዲት ጎረቤት የኒም ፍሬ ጥላ ላይ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ ከዘሩ ጋር ማሸት ነቀዝን እንደሚያርቅ ነገረቻት። ሦስት ቀን ሙሉ ወቀጠች። መራራው ከእጇ አልለቅ ቢል ባሏ «ሬቴ» ብሎ ስም አወጣላት።

ዘሩን አሽታ፣ ኬሻውን ሰፍታ፣ የወለደች እህቷን ልትጠይቅ ሄደች። ቤት የቀሩት ባሏና አማቷ ናቸው። አማቷ ደግሞ አቧራ ካዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ናቸው።

«በሳምንቴ ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ። ‹ልጄ፣ ያ ቦሎቄሽ አፈር በአፈር ሆኖ ባገኘው ነፋሁልሽ፤ ፍሬውንም አንድ በአንድ በጨርቅ ወለወልኩት› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ዱቄቱስ ብላቸው፣ ደጅ ደፍተውታል።»

ሌላ ፍሬ እስክታገኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። ኬሻውን ስትፈታው ነቀዙ ቦሎቄውን ክብ ክብ አድርጎ መብሳት ጀማምሯል። የተበሳውን ለቅማ ጣለች፤ የቀረውን ፀሐይ ላይ አስጥታ እንደገና በዱቄት አሸችው። ይህን ሁሉ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ ሆና ነው የነገረችኝ።

«ከተረፈው መቶ ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ። የፈታሁት ዛሬ ጠዋት ነው።»

«እና?»

«ሰማንያ አንዱ በቅሏል።» ፈገግ እንኳ አላለችም። «አማቴን ብታያቸው። ‹ወልውዬው ነው እኮ የበቀለው› እያሉ ሰፈሩን አዳርሰውታል።»

የመዝሪያው ጊዜ ሁለት ወር ይቀረዋል፤ እስከዚያ ዱቄቱ አንዴ ሊደገምበት ይገባል። ለዚያ ነው ፍሬውን ይዛ የመጣችው። ባለ ወፍጮው የኔን ተራ ሲጠራ እሷም ፌስታሏን ቋጥራ ተነሳች።

«አሁንስ ዘሩን የት ልትደብቂው ነው?» አልኳት።

«ለምን እደብቀዋለሁ? ሙቀጫውን ለሳቸው ነው የምሰጣቸው። በገዛ ክንዳቸው የወቀጡትን አይነፉትም።»