የኢሳይያስ እሑዶች

ልጅ እያለሁ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአቃቂ በሰቃ ሰፈራችን ያለፈ ሰው ግቢያችን ውስጥ ጠብ የተነሣ ይመስለው ነበር። ጠብ አልነበረም፤ አባቴና ጎረቤታችን ጋሼ ፈረደ ኢሳይያስን እያነበቡ ነው። ሁለቱም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። አባቴ በልጅነቱ ዲቁና የተቀበለ፣ ጋሼ ፈረደ ደግሞ ከጎንደር ገጠር የመጡ ቤተ እስራኤል። ቅዳሜ ከቤታቸው ጭስ አይወጣም፤ ልጃቸው ብርቄም ገመድ እንድንዘል ብለምናት እሺ አትልም። ስለዚህ የክርክሩ ቀን እሑድ ሆነ።

የማይሰለቻቸው አንድ ምዕራፍ ነበር፤ በሌሎች በደል የሚሠቃየው፣ እንደ ጠቦት ሲነዳ አፉን የማይከፍተው ሰው ነገር። “ክርስቶስ ነው” ይላል አባቴ መጽሐፉን መታ እያደረገ። “ሕዝበ እስራኤል ነው፤ መሲሕማ ገና ይመጣል” ይላሉ ጋሼ ፈረደ። እናቴ ምስር እየለቀመች “ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!” ትላቸዋለች። እኔና ብርቄ አጠገባቸው ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ከፋብሪካው በነፋስ የሚመጣው የቀለም ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። እውነቱን ለመናገር ማን እንደሚረታ ግድ አልነበረኝም፤ ክርክሩ እስካላለቀ ድረስ ማንም ወደ ቤት አይጠራንም።

አንድ ዓመት፣ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ የማኅበር ተራ ደረሰን። ጋሼ ፈረደ ሥጋችንን ባይቀምሱም እንደ ልማዳቸው መጥተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ከእንግዶቹ አንዱ ያንን ምዕራፍ አነሣ። አባቴ ሰው ፊት መረታትን ፈርቶ ይሁን ጠላው ሞቅ አድርጎት፣ “እነሱ እኮ ዓይናቸው ተጋርዷል፤ እያነበቡ አያዩም” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጋሼ ፈረደ ተነሡ። “አባቴን ‘ቡዳ’ እያሉ ከገበያ ሲያባርሩት ልጅ ሆኜ አጠገቡ ነበርኩ። አፉን አልከፈተም። አንተ መጽሐፉን አንብበሃል፤ እኔ ሰውዬውን አይቼዋለሁ” ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ እሑዳችን ጭር አለ። ብርቄ በአጥሩ ቀዳዳ ታየኛለች፤ አትመጣም። እናቴ “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” እያለች አባቴን ታሽሟጥጠው ነበር። በዚያ ላይ እነ ጋሼ ፈረደ ፈቃድ አግኝተው ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄዱ ነው የሚል ወሬ መጣ። ተቀያይመው ሊለያዩ ነው ብዬ ሳለቅስ አባቴ ሰማኝ።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። የነሱም ፋሲካ በዚያው ሳምንት ዋለ። አባቴ ከሥራ እንደተመለሰ ነጠላውን ለበሰና እኔን አስከትሎ በራቸውን አንኳኳ። መጨባበጥም መሳሳምም በማይፈቀድበት ሳምንት ይቅርታ መጠየቅ እንዴት ያስቸግራል! እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ደጃፉ ላይ ቆመ።

“ፈረደ፣ ክርስቶስ ነው ማለቴን አልተውም። ግን አባትህ እዚያ ውስጥ የሉም ብዬ ከእንግዲህ አልናገርም። በድዬሃለሁ።”

“እኔም ገና ይመጣል ማለቴን አልተውም” አሉ ጋሼ ፈረደ። “በል ግባ፣ ደጅ አትቁም።”

ለፋሲካቸው የተጋገረ ቂጣ ቀረበ። እርሾ የለበት፣ ቅቤ የለበት፤ ለነሱ በዓል ለኛም ጾም የሚሆን ነበር። አባቴ እስኪመሽ እህል አይቀምስምና፣ ቂጣው መሃላቸው ተቀምጦ እየተከራከሩ የፀሐይዋን መጥለቅ ጠበቁ። ብርቄ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ሲመሽ ቆርሰን በላን። እንደዚያ ቀን ቂጣ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ክረምቱ ሳይገባ ሄዱ። ብርቄ እስካሁን ትናፍቀኛለች።

ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ ከላያችንም ከበታችንም ማን እንዳለ በቅጡ አናውቅም። ስለዚያው ምዕራፍ ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰዳደቡ እሰማለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሌላው ጾሙን እስኪፈታ የሚጠብቅ ግን አላየሁም።

አባቴ አርጅቷል። በየዓመቱ ስቅለት ማታ ምዕራፉን ያነብልናል፤ ጠቦቱ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ወደ በሩ ያያል። ልጆቼ ቃሉ የጠፋበት መስሏቸው ቀጣዩን ይነግሩታል። አልጠፋበትም። ጋሼ ፈረደ የሚመልሱበት ቦታ ነው።