በከሰል የጠቆረው ውሃ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ነሐሴ፣ በ1933 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚሁ መተማ ዮሐንስ ነው። ዛሬም ተማሪ ለመባል የበቃሁት በዚያ ቀን አንዲት የማላውቃቸው ሴት ስለ ረዱኝ ነውና አልረሳውም።

ጣሊያን ከከተማችን ከወጣ በኋላ በአንድ ትልቅ ራኩባ፣ ማለትም በሣር ዳስ ውስጥ፣ ትምህርት ተጀመረ። እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆንኩ። አባቴ ግን ከልባቸው አልፈቀዱም፤ የማሽላውና የሰሊጡ አረም ሰው ይፈልጋል። አስተማሪያችን የተማርነውን ለሕዝብ የምናሳይበት ቀን ማሰናዳታቸውን ስነግራቸው፣ «መጥቼ አያለሁ። ለቤት የሚጠቅም ነገር ካላየሁ በማግስቱ ወደ እርሻ ትመለሳለህ» አሉኝ።

ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሰው እንዲበዛ የገበያ ቀን ተመረጠ። አንዱ ጓደኛችን በጥላ ሰዓት መለካትን፣ ሌላው ማግኔት ላይ የታሸች መርፌ ወደ ሰሜን ስትዞር፣ ሌላው ሰሊጥ በጨለማና በብርሃን ሲበቅል እንዲያሳዩ ተመደቡ። ለእኔ የደረሰኝ ከጓንግ ወንዝ ያስመጣነውን ድፍርስ ውሃ ከታች በተበሳ ቅል ውስጥ በአሸዋና በከሰል ማጥራት ነበር።

አስተማሪያችን፣ «ከሰሉን ፈረካክሰህ በደንብ እጠበው፤ ሁለት እፍኝ ይበቃል» ብለውኝ ነበር። ስንሞክረውም ደህና ወጥቷል። እኔ ግን አባቴን ደስ ላሰኝ ብዬ በዋዜማው ሌላ ከሰል እንደ በርበሬ አድቅቄ አምስት እፍኝ ጨመርኩበት። ከደቀቀና ከበዛ የበለጠ የሚያጠራ መስሎኝ ነው። ማጠቡንም ዘነጋሁት።

ተራዬ ደርሶ ድፍርሱን ውሃ በቅሉ አፍ ሳፈስስ ከታች ጥቁር ውሃ ወጣ። እንደገና ሞከርኩ፤ ባሰበት።

«ቀለም ነው እንዴ የምትጠምቁት?» አለ አንድ ግመል ነጂ።

«ተዋቸው፣ መጻፊያ ቸግሯቸው ነው» አለው ጓደኛው።

ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። አስተማሪያችን ፈጠን ብለው፣ «አያ፣ ትንሽ ይቆዩ። የእሱን መጨረሻ ላይ አድርገነዋል» አሏቸው። አባቴ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ወደ እኔ ግን አላዩም።

ከራኩባው ጀርባ ሄጄ ቅሉን ስገለብጥ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች ረጅም ልብስ የለበሱ አንዲት ነጋዴ ሴት ተከትለውኝ መጡ። ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት፣ ለገበያ የተሻገሩ ነበሩ። «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ምን ያስለቅስሃል?» አሉኝ። ገና አላለቀስኩም ነበር፤ ልጀምር ስል ነው የደረሱት። የአባቴን ነገር አጫወትኳቸው።

ከቋጠሯቸው ክንፍ ያላቸው የዛፍ ፍሬዎች አወጡ። አባይ ዳር ባለው አገራቸው ሴቶች የጎርፍ ውሃ የሚያጠሩት በዚህ እንደሆነ ነገሩኝ። ፍሬውን ላጡና በድንጋይ ወቅጠው በጥቂት ውሃ በጠበጡት። እኔ ጣሊያኖች ጥለውት የሄዱትን ትልቅ ጠርሙስ በድፍርስ ውሃ ሞላሁ። ብጥብጡን ጨመሩበትና መጀመሪያ በኃይል፣ ከዚያ በዝግታ አወዛወዙት።

«አሁን አትንካው» አሉኝ።

«እስከ መቼ?»

«እስኪጠራ ነዋ። እጅህ አያርፍም አይደል? ሂድ፣ እዚያ ራቅ ብለህ ቁም።»

ጓደኞቼ ሥራቸውን ሲያሳዩ እኔ የማየው ጠርሙሱን ነበር። ጭቃው እንደ እርጎ እየተቋጠረ ወደ ታች ወረደ። ተራዬ ሲመለስ ውሃው ከላይ ጠርቶ ማዶ የቆመ ሰው ያሳይ ነበር። ቀስ ብዬ ተሸክሜው ገባሁ።

አባቴ ጠጋ ብለው አዩት። በጣሳ ቀድተው ቀመሱ። «ይህን እዚህ ነው የተማርከው?» አሉኝ።

አዎ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ ግን ምሰሶው አጠገብ ቆመው ያዩኛል። «አይደለም። የእኔ ያ ጠቁሮ የወጣው ነው። ይህን ያጠሩት እኒያ እናት ናቸው» አልኩ።

አባቴ ወደ አስተማሪያችን ዞሩ። «ታዲያ እርስዎ ምን ያስተምሩታል?»

«ጭቃው ለምን እንደ ወረደ እኔም አላውቅም» አሉ አስተማሪያችን። «ስንት ፍሬ ለስንት ውሃ እንደሚበቃ ግን ከነገ ጀምረን እንሞክራለን። ትምህርት ይኸው ነው፣ አያ።»

«እኔን እናቴ ያስተማረችኝ በአለንጋ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «የእርስዎ ልጅ ተመችቶታል።»

አባቴ ያን ጊዜ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ይሞክራ። አረሙን ከወንድሙ ጋር እንጨርሰዋለን» ብለው ጣሳውን ደገሙ።

ሰዉ ሲበተን ላመሰግናቸው ብወጣ ሴትዮዋ የቀረውን ፍሬ በጨርቅ ቋጥረው ትተውልኝ ሄደዋል። ሌላ ቀን ገላባት ተሻግሬ አፈላለግኋቸው። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውምና ማንን እንደምፈልግ ማስረዳት አቃተኝ።

አሁን የአጨዳ ወራት ነው። አባቴና ወንድሜ ማሳ ላይ ናቸው፤ እኔ ይህን የምጽፈው ራኩባው ውስጥ፣ ከጓደኞቼ መካከል ተቀምጬ ነው። ያን ቀን እኒያ ሴት ከሌላው ጋር ስቀው ወደ ገበያቸው ቢመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ለማያውቁት ልጅ ብለው ገበያቸውን ተዉ። እግዜር ይስጥልኝ ሳልላቸው መቅረቴ እስካሁን ይከነክነኛል።