ዓሳ የሌለበት የዓሳ ገንዳዬ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ዴንግ ሦስት ዓሶች ከነሕይወታቸው በባልዲ ይዘውልኝ ከች አሉ!

ጋሽ ዴንግ ጋምቤላ ያደጉ፣ እዚህ ሙኑኪ ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ደንበኛ ናቸው። በየጠዋቱ ባዶ ገንዳ ውስጥ የዓሳ ምግብ ስበትን ሲያዩ አዝነውልኛል።

"ኸላስ፣ በቃ እህቴ! ሰው እየሳቀብሽ ነው፤ በይ ክተቻቸው" አሉኝ።

እኔ ግን እምቢ አልኩ።

"ጋሼ፣ ዓሳ ሲጸዳዳ ውሃው ይመረዛል። መርዙን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ መብዛት አለባቸው። ምግቡን የምበትነው ለእነሱ ነው፤ ሲበሰብስ ያንኑ መርዝ ያወጣል፣ እነሱም ያንን እየበሉ ይበዛሉ።"

አልተዋጠላቸውም። ከገንዳው ውሃ ቀድቼ የመርዝ መለኪያውን ጠብታ ጨመርኩበት፤ አረንጓዴ ሆነ።

"መርዙ ገና አለ ማለት ነው። ቢጫ ሲሆን ይገባሉ።"

ባልዲውን አዩት። "ታዲያ እነዚህን ምን እናድርጋቸው?"

ከወጥ ቤት "ጥብስ!" የሚል ድምፅ መጣ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ባጃጅ ይዘን የጀልባ ወደቡ አጠገብ ወርደን ነጭ ዓባይ ውስጥ ለቀቅናቸው። ጋሽ ዴንግ ባልዲውን ደፍተው ሳቁ፦ "ዓሳ ገዝቶ ወንዝ የሚመልስ ሰው እኔ ብቻ ነኝ!"

እኔ አልቸኩልም፤ ውሃዬ ይደርሳል።

እናንተስ፣ ሰው እየሳቀባችሁ በትዕግሥት የጠበቃችሁት ነገር አለ? እስቲ አጫውቱኝ።