የሸሪፉ እጅጌ

ጋሽ ዳምጤን የምጠረጥራቸው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ግን የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ የኔ ጥርጣሬ ማህተም ነበረው።

እዚህ ባህር ማዶ፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር ያለው እድራችን ለመግባት ቅጽ ከሞሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቅጹ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወደ ስልሳ እየተጠጉ ነው፣ ዘመድ የላቸውም፤ ቢሞቱ ማን እንደሚቀብራቸው ያስጨንቃቸዋል። “ቅጼ ከምን ደረሰ?” ሲሉኝ “እየተጣራ ነው” እላቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ ገራፊ ነበሩ ይባላል፤ ማን እንዳለው ግን አይታወቅም። ስለ ወጣትነታቸው ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ። ዲር ፓርክ ያለ መጋዘን አብረን ስንሠራ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ቢገባም እጅጌያቸውን እስከ አንጓቸው ቆልፈው ነው የሚሠሩት። ምን ቢደብቁ ነው? ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፣ እል ነበር በሆዴ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ባሮክ የሚባል የፊልም ተማሪ የካውቦይ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሳ። ያለው ለሁለት ሰዓት የተከራየው አንድ ፈረስና ሁለት ባርኔጣ ነው። ሽፍታውን የሚያሳድደው ሸሪፍ ጋሽ ዳምጤ ሆኑ። እኔም ሽፍታውን ልሁን አልኩ። ሰው ሲያስሩ እጃቸው ይመሰክርባቸዋል ብዬ ነው።

ዌሪቢ የሚባል ቦታ፣ ጎመን እርሻ ዳር ያዙኝ። እጄን ከፊት አሰሩና ገመዱ እንዳይጠብቅብኝ ጣታቸውን በመሃል አሳለፉ።

“ካት! ጋሼ፣ የፊጥኝ ይሰሩት እንጂ!” አለ ባሮክ። “ክርኖቹን ከኋላ ግጥም!”

“አላስርም።”

“ምነው ጋሼ? እጅዎ የለመደው አይደል?” አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ ብል እዋሻለሁ፤ ሦስት ዓመት ሳመላልሰው የኖርኩት ነገር ነው።

የእጅጌያቸውን ቁልፍ ፈተው ወደ ላይ ሰበሰቡት። ከክርናቸው ከፍ ብሎ፣ ክንዳቸውን እንደ አምባር የከበበ የገመድ ጠባሳ አለ። ሌላውንም አሳዩኝ፤ ያው ነው።

“በቀይ ሽብር ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር” አሉ። “ሁለት ቀን እንደታሰርኩ ቆየሁ።”

እጅጌያቸውን መልሰው ቆለፉ። ባሮክ ካሜራውን መልሶ አነሳ፤ ሽፍታው ከፊት እንደታሰረ ተቀረጸ። ሲፈቱኝ “ጠብቆብህ ነበር እንዴ?” ብለው ጠየቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ቅጹን አውጥቼ የዋሱ ቦታ ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ቤታቸው ወስጄ ሰጠኋቸው። በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

“ማጣራቱ አለቀ?”

“አለቀ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።”

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

“እንግዲያው ስሞት እንዳትቀር” አሉኝ።