የኬዛያ ፔልተን እርሻ

እናቷ ስትሞት ኬዛያ ፔልተን ገና ልጅ ነበረች። ወንድሟ ኦሪን ደግሞ ጥርስ እንኳ አላበቀለም። የላም ወተት በጨርቅ ጫፍ እየነከረች፣ ሲያለቅስ እያባበለችው፣ ሲያጠፋ እየተቆጣችው አሳደገችው። አባታቸው ኤልያብ የኦሃዮን ጫካ መንጥሮ እርሻ ያቀና፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር።

ኦሪን ጎረመሰና ጠበቃ ልሁን አለ። በአውራጃው ከተማ አንድ ዳኛ ዘንድ ሕግ ሊማር በሄደ በዓመቱ የአባትየው ወገብ ተያዘ። ኬዛያ ራሷ በሬ ጠምዳ አረሰች፤ የኦሪን መማሪያም ከዚያው ይወጣ ነበር። ጎረቤቶቹ «ኤልያብ ወንዱን ለከተማ ሰጥቶ ሴቷን ከበሬው ጋር ጠመዳት» እያሉ ሳቁባት። ሰምታ ማረሷን ቀጠለች። ኦሪን ጥቁር ኮቱን ለብሶ ሲመጣ ግን ደስታዋን መደበቅ አትችልም ነበር።

አባት ሊሞት ሲል «ኦሪን ትምህርቱን ወስዷል፤ መሬቱ የኬዛያ ነው» አለ። ኑዛዜውን የጻፈው ራሱ ኦሪን ነው። ቅር አላለውም።

ከዚያ ኬዛያ፣ ሰው ሁሉ ቆማ ቀረች ሲላት፣ አማሳ ክራው የሚባል ሰረገላ ሠሪ አገባች። አማሳ ቫዮሊን ይጫወታል፣ ያስቃል፤ እሷን ያሳቀ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሕግ ታዲያ ያገባች ሴት መሬት አዛዡ ባሏ ነው። አማሳም መሬቱን አስይዞ ተበደረና በሰው ሠራሽ የውሃ ቦይ ላይ ጭነት የሚያመላልስ ጀልባ ገዛ። ጀልባው ከነጭነቱ ሰመጠ፤ አበዳሪውም መሬቱን ሊወስድ ተነሣ።

ኬዛያ ወደ ኦሪን ሮጠች። ኦሪን ያን ጊዜ የታወቀ ጠበቃ፣ የምክር ቤትም እንደራሴ ሆኗል።

«ሕጉ እንደዚያ ነው እታለም፤ ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«ሕግ የምታወጡት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«በዚህ ክረምት የሚቀርብ ነገር አለ። የሚስት መሬት በባል ዕዳ እንዳይያዝ የሚል።»

ይህን ሰምታ ተስፋ አደረገች። ክርክሩ በሚሰማበት ቀን በበረዶ መንገድ በሰረገላ ተጉዛ ዋና ከተማው ገባችና ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ተቀመጠች። ለወንድሟ አልነገረችውም፤ ሲናገር ልታየው ብቻ ነበር የፈለገችው።

ኦሪን ተነሣ። «ያሳደገችኝ እህት አለችኝ» ሲል ጀመረ። ኬዛያ እንባዋ መጣ። «መሬት አላት። ከባሏ ግን አንድ ቀን ወረቀት ጠይቃ አታውቅም! የጨዋ ሚስት ዋስትና ባሏ ነው። እባካችሁ፣ በባልና በሚስት መሃል ጠበቃ አናስተኛ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ረቂቁም ወደቀ።

ከደረጃው ሥር ጠበቀችው።

«እታለም! መቼ መጣሽ?»

«ስታወራብኝ ደረስኩ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ሳባት። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲሰማህ ምነው አልፈራህ? እርሻዬን ሊወስዱብኝ እንደሆነ ታውቅ ነበር ኦሪን!»

«አውቅ ነበር። ግን የሚመርጡኝ ባሎች ናቸው፤ ሚስቶች አይደሉም። ለዚህ እጄን ባወጣ ለከርሞ ቤቴ ነው የምቀመጠው።»

«እኔስ ለከርሞ የት ልቀመጥ?»

«እኔ ጋ ነዋ! የላይኛው ክፍል ባዶ ነው። ልጆቹም የሚይዛቸው ሰው ይፈልጋሉ።»

«አንድ ልጅ አሳድጌ አይቻለሁ» ብላው ሄደች።

በጸደይ ሸሪፉ መጥቶ አስወጣት። አማሳ ወደ ምዕራብ ሄዶ ጠፋ። ባል የሚስቱን መሬት ማስያዝ የሚችለው ለራሱ ዕድሜ ብቻ ስለሆነ፣ መሬቱ የሚመለስላት እሱ ሲሞት ነው፤ ይሙት ይኑር ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ኬዛያ በመንገደኞች ማረፊያ ቤት ወጥ ቤት ገባች። ሌላ ሰው መሬቷን ሲያርስ፣ አባቷ የተከላቸውን የፖም ዛፎች ሲለቅም እያየች አረጀች። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ሕግ ወጣ። ዘመኑ ተለውጦ ነበርና ኦሪንም እጁን አወጣለት፤ ተጨበጨበለትም። ሕጉ ግን ያለፈውን አይመልስም።

ኦሪን ሲሸመግል ልጁ ላቪኒያ የቤተሰቡን ታሪክ አሰናድታ፣ ለልደቱ ግብዣ ጠርታ አነበበች። ኬዛያም ተጠርታ ነበር። ጫካው፣ ኤልያብ፣ ዳኛው፣ ምክር ቤቱ አንድ በአንድ ተነገረ። ስለ እሷ የተባለው «ኬዛያ አማሳ ክራውን አገባች፤ ልጅ አልወለዱም» የሚል ብቻ ነበር።

ኬዛያ ብድግ አለች። «የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ጨምሪበት። አባትሽን ሳስተምር ያረስኩት መሬት ነበረኝ። በምን እንደሄደ እሱን ጠይቂው።»

ሁሉም ወደ ኦሪን ዞረ። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ «እህቴ አርጅታለች፤ ታገሷት» አለ። ሾርባው ቀረበ።

ኬዛያ ሻሏን ለብሳ ወጣች። የተከተላት የለም። በሚቀጥለው መከር ኦሪን ሲሞት ሥራ አለብኝ ብላ ከቀብሩ ቀረች፤ ያን ቀን ማረፊያ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር እውነትም ሥራ ነበረባት።