የሽቦው ድርሻ

የእናቴን የመጨረሻ ሳምንታት የማስታውሳቸው በቮልት ነው። ሳንባዋ ደክሞ ወልድያ ስትታከም ከቆየች በኋላ ወደ ቤት ስንመልሳት፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ የሚልክ ማሽን በውሰት ይዘን መጣን። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም። ቤታችን ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲሄድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ የራሳችን ቆጣሪ የለንም።

በሰፈራችን ቆጣሪ ያለው ሰው መስመር ለለመነው ጎረቤት አይከለክልም፤ ነውር ነው። መንገድ ዳር ከሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ቤት የተነሳው ሽቦ ከቤት ወደ ቤት እየተቀጠለ፣ በየባሕር ዛፉ ላይ እየተንጠለጠለ መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ይደርሳል። መጋጠሚያው ሁሉ በፌስታል የተጠቀለለ ነው። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጀር ለዓመታት በቅቶናል።

እኔ መርሳ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማሽኑ ገና እንደተሰካ እየጮኸ አላስቀምጥ ሲለን የትምህርት ቤቱን ቮልት መለኪያ፣ መልቲሜትሩን፣ ይዤ መጣሁ። ቆጣሪው ዘንድ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት አለ። እናቴ አልጋ አጠገብ ያለው ሶኬት ላይ መቶ ስልሳ። ስልሳው መንገድ ላይ ቀርቷል። የካርድ ቆጣሪው በመስኮቱ አሥር አምፔር ያሳያል። ስልሳን ለአሥር ሳካፍል ሽቦው ለኤሌክትሪክ ያለው እምቢታ፣ ተማሪዎቼ ሬዚስታንስ የሚሉት፣ ስድስት ኦም ሆነ። ስልሳን በአሥር ሳባዛ ስድስት መቶ ዋት። የእናቴ ማሽን የሚፈልገው ሦስት መቶ ሃምሳ ነው። እሷ የምትተነፍስበትን ኃይል ሽቦው ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። ይህን ስሌት ዛሬም በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ልጆቹ ምሳሌ ሲጠይቁኝ የአምፖል ምሳሌ እሰጣቸዋለሁ።

የወረደ ቮልት የሚያስተካክል ስታብላይዘር አመጣሁ፤ ቮልቱ በጣም ሲወርድበት እሱም ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ወፍራም ሽቦ መርሳ ላይ ጠፍቶ ወልድያ አዘዝኩ፤ ጠብቂ አሉኝ። የቀረኝ በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር መቀነስ ብቻ ነበር። አምፔሩ ደግሞ ጎረቤቶቼ ናቸው።

ቤት ለቤት ዞርኩ። "ስቶቭና ካውያ ስትሰኩ እማ ትንፋሽ ያጥራታል" አልኳቸው። አንዳቸውም ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። ሽማግሌው ጎረቤታችን "አብሽሪ ልጄ፣ በእንጨት እናበስላለን። ዋናው የእሷ አፊያ ነው" አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ሶኬቱ ላይ ሁለት መቶ ስምንት አነበብኩ። ማሽኑ ጩኸቱን ተወ፤ እናቴ ተደግፋ ቁጭ ብላ ሾርባ ጠጣች። እኔም እንደ ሞኝ ተስፋ አደረግሁ።

ተስፋዬን የበላው ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን እናቴን ስለሚወዷት ዱዓ ሊያደርጉላት ተሰባሰቡ። በግ አመጡ። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ስላላባራ እንጨቱ ሁሉ ረጥቧል። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ግቢው በሰው ሲሞላ የመልቲሜትሩ ቁጥር ዓይኔ እያየ መውረድ ጀመረ። ስታብላይዘሩ ቀጭ አለ። ሮጬ ስወጣ በጎረቤት ጓዳ ስቶቮች ተሰልፈው ወጥና ሩዝ ተጥዶባቸዋል።

"ኧረ በአላህ ንቀሉልኝ! እማ ልትሞትብኝ ነው!" አልኩ።

የእናቴ የልጅነት ባልንጀራ ማማሰያዋን እንደያዘች በመገረም አየችኝ። "ምን ነካሽ? ይኼ እኮ ለሷው የሚበስል ነው። ለሷ ዱዓ የሚበላ እንዴት አድርጎ እሷን ይጎዳል?"

ለተማሪ ቢሆን አስረዳ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ለማን ብለው እንደሰኩት አያውቅም። አንዱን ነቀልኩ፣ ሌላውን ነቀልኩ፤ ከኋላዬ ሌላ ሴት እንግዳ እንዳይራብ ብላ መልሳ ትሰካለች። ዱዓውን ወደሚመሩት ወደ ሽማግሌው ጎረቤታችን ሄጄ ጎንበስ አልኩ። "አባባ፣ አንቱ ይንገሩልኝ፤ እኔን አልሰማ አሉኝ።" እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አሚን እስክንል ልጄ፣ አንዴ ብቻ" አሉኝ። ዱዓው ረጅም ነበር። ለእናቴ ያልተለመነላት ነገር አልነበረም።

ተመልሼ ስገባ ሶኬቱ ላይ መቶ ሠላሳ ነው። ማሽኑ ጠፍቷል። ከግቢው የሰው ሁሉ "አሚን" ይሰማል፤ እናቴም አብራ ለማለት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን የላትም። እጇን ይዤ በማራገቢያ አራገብኩላት፤ አየር ያጣች ይመስል። አየሩማ ሞልቶ ነበር። ባጃጅ ተጠርቶ ዋናው መንገድ ሳንደርስ እቅፌ ውስጥ አረፈች።

ለቅሶ በተቀመጥንበት በተዕዚያው ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አምርሬ ጠልቻቸው ነበር፤ ሁሉንም ጠልቻቸው ነበር። ከዚያ ሲያዩኝ ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት አየሁ። ገብቷቸዋል።

"ሰው ሁሉ አሚን እያለላት ሄደች" አሉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ "መብራቱንም ቢሆን... አልነፈግናትም አይደል፣ ልጄ?" ብለው ፊቴን ጠበቁ።

"አልነፈጋችኋትም፣ አባባ" አልኳቸው፤ እጃቸውንም ሳምኩ።